ዓርብ የሚሞላ ምንጭ

በደምቢ ምንጭ ላይ ሰልፉ መርዘም የጀመረው የጅማ ቀያሾች የመጡ ሰሞን ነው። ስለዚህ ሌላ ምክንያት የፈለገ ሰው አልነበረም።

ቀያሾቹ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ በምንጩ ዙሪያ ባለው የቡና ማሳ ውስጥ ቀይ የተቀባ ችካል ሲተክሉ ሰነበቱ። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። ድሮ ሰላምታ ተለዋውጠው ሳይጨርሱ የሚሞላው ጀሪካን፣ አሁን የሰው ሐሜት ሁሉ ተወርቶ እስኪያልቅ አይሞላም። ምንጩን ለመያዝ ከተሠራው የሲሚንቶ ሣጥን የሚወጣው ውሃ እንደ ጣት ቀጥኗል።

"ምን አድርገውት ነው?" አለች ፈድሊያ የምትባል ሻይ ቤት ያላት ሴት፣ አፊፋን መንገድ ላይ አስቁማ። "ከሥር ቆፍረው ወደ ጅማ መርተውታል ይባላል። እውነት ነው እንዴ?"

"ምንም የተቆፈረ ነገር የለም። ገና ጥናት ላይ ናቸው።"

"ጥናት!" ፈድሊያ ከንፈሯን መጠጠች። "ሲያጠኑት እንዲህ ካለቀ፣ ሥራውን ሲጀምሩማ ምን ሊቀርልን ነው? ማሎ፣ እባክሽ አፊፋ፣ አንቺ የኛ ልጅ ነሽ። ዓይንሽን ከነሱ ላይ እንዳትነቅዪ።"

አፊፋ ኢስሃቅ የከተማዋ የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነች። ቡርቃ ደምቢ፣ ሰው ባጭሩ ደምቢ የሚላት፣ ከጅማ ወደ የቡ ከተማ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብላ በቡና መካከል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ ዓመት ጅማ፣ ደምቢና ከደምቢ በላይ ያለው የኦዳ ቆርቄ ወረዳ በየፊናቸው ከሚቆፍሩ አንድ የጋራ የውሃ መስመር እንዲያቅዱ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። የሁሉም ምንጭና ጉድጓድ ወደ አንድ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ተጣርቶ ለሁሉም ይከፋፈላል። ብዙ ውሃ ያዋጣ ከተማ ቧንቧ ቀድሞ ይገባለታል፤ ትንሽ ያዋጣ ተራውን ይጠብቃል። ደምቢ ደግሞ የምታዋጣው ያንኑ አንድ ምንጭ ነው።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ጅማ ከተማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጅማን የወከለው አልዓዛር የሚባል መሐንዲስ ነው። ከከምባታ መጥቶ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቤት ሠርቶ የሚኖር፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ሲናገር ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ የሚተክል ሰው። አፊፋ ይህን ዓይኑን ከመጀመሪያው ቀን አልወደደችለትም። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው ብላ አስባለች።

በኅዳር ስብሰባ ላይ አልዓዛር ተነስቶ፣ "የደምቢ ምንጭ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤቱ ካስታወቀው ግማሽ ያህሉን ነው" አለ። "ደጋግመን ለክተነዋል። በዚህ ከሄድን ደምቢ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ትዛወራለች።"

አፊፋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሁለተኛው ምዕራፍ ማለት መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነገር ማለት ነው።

ማታ እናቷ ወይዘሮ ዘይቡ ቤት ስትሄድ ታናሽ ወንድሟ ሳዲቅ እዚያው ነበር። ሳዲቅ ከምንጩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የእሸት ቡና ማጠቢያ አለው። ከወንዙ በፓምፕ ውሃ እየሳበ ቀዩን ቡና ይፈለፍላል፣ ያጥባል፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣል። በለቀማ ሰሞን የከተማው ሴት ግማሹ እሱ ዘንድ ነው የሚውለው።

የሆነውን ስትነግረው ሳቀ። "አላልኩሽም? የጅማ ሰው ምንጭህ ትንሽ ነው ካለህ ሊወስደው ነው ማለት ነው። ትልቅ ነው ቢልማ ቧንቧ ሊያስገባልህ ነው። ዛሬ አሳንሰው ይጽፉታል፤ ነገ 'ይቺን ትንሽ ውሃ ለማን ትተዋላችሁ' ብለው ይጠቀልሉታል።"

"እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ" አለች።

"ታዲያ ዝም ትያለሽ?"

ዝም አላለችም። በሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ በፊት አንድ በርሜልና አንድ ሠራተኛ ይዛ ራሷ ምንጩ ድረስ ወረደች። በርሜሉን ከሣጥኑ አፍ ሥር ደቀኑት። ውሃው በወፍራሙ እየተንዶለዶለ ወጣ፤ በርሜሉ ሠራተኛው ሰዓቱን ደህና አድርጎ ሳያይ ሞልቶ ፈሰሰ። ደጋገሙት። ያው ነው። ምንጩ ልጅ ሆና እንደምታውቀው ነበር።

አፊፋ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ቆመች። የሴቶቹ ስሞታ የተጋነነ መሰላት፤ ሰውየው ደግሞ ዋሽቷል!

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የሰብሳቢዋን የወይዘሮ ሙሉእመቤትን ፈቃድ እንኳ አልጠበቀችም። "ኢንጂነር አልዓዛር የሐሰት ልኬት ነው ያቀረቡልን" አለች ተነስታ። "ራሴ ለክቼዋለሁ። ምንጩ ሙሉ ነው። ለምን እንዳሳነሱት እዚህ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ያስረዱን። ወይስ እኔ ላስረዳ?"

አልዓዛር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ የሚመረምራት ነው የሚመስለው።

"አብረን ሄደን እንለካዋ፣ ወይዘሮ አፊፋ" አለ። "ሰኞ።"

ሰኞ ሁሉም መጡ። የኦዳ ቆርቄው ተወካይ ሙኒርም መጣ፤ ቀልድ የሚወድ፣ ቀልዱ ግን ሁልጊዜ ሰው ላይ የሚያርፍ ሰውዬ። የደምቢ ሕዝብም ወሬውን ሰምቶ ምንጩን ከቦ ነበር። በርሜሉ ተደቀነ። ከሣጥኑ የወጣው ውሃ ቀጭን ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። በርሜሉ አይሞላም።

አፊፋ ፊቷ ጋለ።

"ውሃውም ሰው ያፍራል እንዴ?" አለ ሙኒር። የሳቀ ሰው ሲያጣ ድምፁን ለወጠ። "ቆይ ግን፣ ዓርብ ዕለት የለካሽው ከየት የመጣ ውሃ ነው? ድርሻ በምንጭ ልክ ነው ስለተባለ እንዲህ ያለ ነገር የምታደርጉ ከሆነ፣ እኛም የናንተን ቁጥር ማመን ይቸግረናል።"

"ዋላሂ ሙሉ ነበር!" አለች።

ከሕዝቡ መካከል አንዱ "ጅማዎቹ ናቸው፣ ሌሊት የሆነ ነገር አድርገውበታል" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ተቀበሉት። አልዓዛር በርሜሉን ራሱ ደፍቶ፣ እጁን በመሐረብ አድርቆ፣ ምንም ሳይል ወደ መኪናው ሄደ። ያ ዝምታው ይበልጥ አስጠረጠራት። ያልሠራ ሰው እንዲህ ተሰድቦ ዝም ይላል?

ሰዉ ከተበተነ በኋላ እሷ ብቻዋን ቀረች። ዓርብ ያለ፣ ሰኞ የሌለ ውሃ። በመሐል ምን ተለወጠ? ምንጩ ጥግ ተቀምጣ ስታስብ፣ ከታች የሳዲቅ መፈልፈያ ማሽን ድምፅ ይሰማታል። ትንሽ ቆይታ ነው የገባት። ዓርብ ዕለት ይህ ድምፅ አልነበረም። ሳዲቅ ዓርብ እሸት አይቀበልም፤ ሠራተኛው ሁሉ ጁምዓ ይሄዳል።

ነገር ግን ሳዲቅ የሚስበው ከወንዙ ነው። ይህን ልጅ አዋቂው ያውቃል።

እንዲያ እያለች፣ ራሷን እያሳመነች፣ ቁልቁል ወረደች። ወንዙ ዳር ስትደርስ መጀመሪያ ያገኛት ሽታው ነው። ወንዙ ጥቁር ሆኖ፣ ላዩ አረፋ ይዞ፣ የበሰበሰ የቡና ልጣጭ እየገፋ ይወርዳል። ፓምፑ ያለበትን ትንሽ ዳስ ገፋ አድርጋ ገባች። አንዲት ቀይ ዶሮ ሞተሩ ላይ ታቅፋ ተቀምጣ አየቻት፤ ጮኸችባት እንጂ አልተነሳችላትም። የፓምፑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይህ ፓምፕ ከተነሳ ቆይቷል።

ወደ ማጠቢያው ወጣች። ሴቶች በረጅሙ ቦይ ውስጥ ቡናውን በእንጨት መቅዘፊያ እየገፉ ያጥባሉ። በቦዩ የሚወርደው ውሃ ጠርቶ ሥሩ ይታያል። አፊፋ ጎንበስ ብላ እጇን ነከረች። እንደ ምንጩ ቀዝቃዛ ነበር። ቀና ስትል ሳዲቅ ከገንዳው በላይ ቆሞ ያያታል።

"አየሽው?" አለ። ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

ሴቶቹ እንዳይሰሟቸው ከማድረቂያ አልጋዎቹ ጀርባ ሄዱ።

"ከየት በኩል ነው ያስገባኸው?"

"ከሣጥኑ በስተኋላ። ቱቦው በቡናው ሥር ተቀብሮ ነው የሚመጣው። ባለፈው ክረምት ሣጥኑ ሲጠገን።"

የምንጩን ሣጥን ያስጠገነችው ራሷ ነበረች። ያኔ ሳዲቅ ሠራተኞቹን በነፃ ልኮላት፣ እሷም በከተማው ሰው ፊት ስሙን ጠርታ አመስግናው ነበር። ያንን ስታስታውስ የአልጋውን ቋሚ ያዘች።

"እኔን ሽፋን አደረግከኝ።"

"ምን ላድርግ?" ሳዲቅ ወደ ወንዙ ጠቆመ። "አሸተትሽው አይደል? የኦዳ ቆርቄ ማጠቢያዎች ልጣጫቸውን ሁሉ ወንዝ ውስጥ ነው የሚደፉት። አምና በዚያ ውሃ ያጠብኩት ቡና ሸተተ ተብሎ ተመለሰብኝ። ወረዳቸው ድረስ ሄጄ ጮህኩ። ማን ሰማኝ? ዝም ብል ይህ ማጠቢያ ይዘጋል። እነዚያ ሴቶች የት ይሄዳሉ?"

"ለኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"አትፈቅጂም ነበራ።"

"ሴቶቹ ምንጭ ላይ ተጎልተው ጅማን ሲረግሙ ትሰማ ነበር።"

"እሰማ ነበር።"

"አንተም አብረህ ትረግም ነበር፣ ሳዲቅ። እናታችን ቤት ተቀምጠህ፣ ዓይኔን እያየህ።"

ሳዲቅ አንድ የተበላሸ ፍሬ ከአልጋው ላይ አንስቶ ወረወረ።

"ዓርብ ዓርብስ ለምን ትለቀዋለህ? ገንዳህን አትሞላም?"

ይህን እንደምትጠይቀው አልጠበቀም ነበር። "ሰው ለጁምዓ ሶላት የሚታጠብበት፣ ውዱእ የሚያደርግበት ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እሱን መውሰድ ከበደኝ።"

አፊፋ ልታለቅስም ልትጮህበትም ዳዳት። ሁለቱንም አላደረገችም። "ሐሙስ ስብሰባ አለ። ራስህ መጥተህ ትናገራለህ። ካልመጣህ እኔ እናገራለሁ።"

"ጅማዎቹ ምንጩን አይወስዱብንም ብለሽ ነው? አይወስዱም በይና ማዪ እስኪ! ዋላሂ በይ!"

መማል አልቻለችም። አልዓዛርን አላመነችውም፤ ሙኒርን ጭራሽ። ያመነችው ሰው አንድ ነበር፤ እሱም ፊቷ ቆሟል።

ረቡዕ እናቷ አስጠራቻት። ወይዘሮ ዘይቡ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሙስባሃዋን እየቆጠረች፣ አልተነሳችላትም። ሳዲቅ ነግሯት ነበር።

"ወንድምሽን በሰው ፊት እንዳታዋርጂው" አለች። "ቱቦውን ይንቀለው፣ ነገሩ እዚሁ ይቅር። ኦብሲ ልጄ፣ ታገሺ።"

"ሃርሜ፣ እኔ ያን ሰውዬ በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ እኮ። ሌባ ነህ ማለት ነው የቀረኝ።"

"ለሱ የራሱ ሰው አለለት።"

"ይህን ነገር ዝም ካልን ከእንግዲህ ደምቢን ማን ያምናታል?"

እናቷ ፊቷን አዞረች። አፊፋ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ሐሙስ ሳዲቅ አልመጣም። አፊፋ ሚኒባስ ውስጥም፣ አዳራሹ በር ላይም ጠበቀችው፤ ስብሰባው ከተጀመረ በኋላም በሩን በሩን አየች። ተራዋ ሲደርስ ተነሳች።

"ዓርብ የለካሁትም ልክ ነው፣ ኢንጂነር አልዓዛር የለኩትም ልክ ነው" አለች። "ከሣጥኑ ጀርባ የተቀበረ ቱቦ አለ። ውሃውን የሚወስደው ማጠቢያ የወንድሜ ነው። ሣጥኑን ያስጠገንኩት እኔ ስሆን ይህን ሳላውቅ ቀርቻለሁ። ኢንጂነሩን በሐሰት ከስሻለሁ፤ በተናገርኩበት ቦታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ሙኒር ወንበሩን ወደኋላ ገፋ። "ይሄ ደግሞ ሌላ ቲያትር ነው! ድርሻቸው እንዲጨምር ወንድምና እህት ተማክረው የሠሩት ነው። ማን ነው 'ሳላውቅ ቀረሁ' የሚለውን የሚያምን?"

"አትመኑኝ" አለች። "መጥታችሁ ቆፍራችሁ እዩ። ከዚያ ደግሞ ኦዳ ቆርቄ ወጥተን ወንዙን እንየው። ወንድሜ ከምንጭ የሰረቀው በወንዙ ማጠብ ስላልቻለ ነው። ወንዙን ያጠቆረው ማን እንደሆነ አቶ ሙኒር ያውቁታል።"

ሙኒር ወንበሩን መልሶ ወደ ጠረጴዛው ሳበ። "ማጠቢያዎቹ ፈቃድ አላቸው" አለ ብቻ።

"ማጠብ ነው የተፈቀደላቸው ወይስ መድፋት?" አለች ሰብሳቢዋ ሙሉእመቤት፣ ከመነጽሯ በላይ እያየችው። እስከዚያ ቀን ሙኒርን ደፍራ ስትናገር ያያት አልነበረም። ሁለቱም ቦታ እንዲታይ ተወሰነ።

ለሻይ ሲወጡ አፊፋ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ብቻዋን ቆመች። አልዓዛር ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ መጣ፤ አንዱን ሰጣት።

"ጌታ ይባርክዎት" አለ። ቀጥሎ፣ ሻዩን እያየ፣ "አውቅ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ቱቦውን። ቀያሾቼ ችካል ሲተክሉ ነክተውታል። ማጠቢያው የማን እንደሆነም ጠየቅኩ። የእርስዎ ወንድም መሆኑን ነገሩኝ።"

አፊፋ ብርጭቆውን ከአፏ መለሰች። "አውቀው ነው ዝም ያሉት? ያን ሁሉ ስናገርዎት? ሰኞ ሕዝብ መሐል ሲያቆሙኝ?"

"እርስዎም ያሉበት መስሎኝ ነበር" አለ። "ሣጥኑን ያስጠገኑት እርስዎ ነዎት። ሲከሱኝ ደግሞ፣ እንዳልናገር ቀድማ እያሳጣችኝ ነው አልኩ። ሰኞ እንለካ ያልኩት ፊትዎን ለማየት ነው። ፊትዎን ሳይ ግራ ገባኝ። የምታውቅ ሰው አይመስልም ነበር።"

"ታዲያ ያኔ አይናገሩም?"

"ደምቢ ቆሜ 'የራሳችሁ ሰው ነው' ብል ማን ያምነኛል? ያን ቀን እኮ ሌሊት ውሃውን ያደረቁት ጅማዎች ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።" ሻዩን ፉት አለ። "ከእርስዎ አፍ ካልወጣ የሚሆን ነገር አልነበረም። ይወጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ዛሬም በሩን በሩን ሲያዩ ወጥተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር።"

ልትቆጣ ፈልጋ ቁጣው እምቢ አላት። ሰውየው ስለሷ ያሰበው፣ እሷ ስለሱ ካሰበችው የከፋ አልነበረም። ሻዩን ሳትጨርሰው መለሰችለትና ገባች።

ቱቦው ተቆፍሮ ወጣ። ምንጩ ሳምንቱን ሁሉ ሞላ፤ ሰልፉ አጠረ። ደምቢ ግን አፊፋን አላመሰገናትም። ማጠቢያው በለቀማው መካከል ተዘግቶ ሴቶቹ ከሥራ ወጡ፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡ ጀመር። ፈድሊያ ሻይዋን ቀድታ ታስቀምጥላታለች እንጂ ወሬ አታነሳም። በከተማው ምክር ቤት ከኃላፊነቷ ትነሳ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ የሚተካት ስለታጣ ይሁን ስለሌላ፣ ሳይወሰን ታለፈ። አንዳንዱ አሁንም ጅማ ገዝቷት ነው ይላል። ሳዲቅ እሷ እናታቸው ቤት ከገባች በጓሮ በር ይወጣል።

የካቲት ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ደምቢ አንደኛው ምዕራፍ ውስጥ ገባች። የኦዳ ቆርቄ ማጠቢያዎች ልጣጩን የሚጥሉበት ጉድጓድ እስከ መጪው ለቀማ እንዲቆፍሩ ተስማሙ። ምንጭ በሚለካበት ጊዜ የሦስቱም ሰው ቆሞ እንዲያይ የሚል አንቀጽም ገባ፤ ይህን አንቀጽ ያስገባው ሙኒር ነው፣ ማንም ማንንም ስለማያምን። አልዓዛር ሲያነበው "ከሁሉ የሚበጀው ይሄ ነው" ብሎ ፈረመ።

ጉድጓዶቹን ለማየት ኦዳ ቆርቄ የወጡ ዕለት፣ ከኮሚቴው መኪና ኋላ አንድ ሞተር ብስክሌት እየተከተለ መጣ። ሳዲቅ ነበር። ማንንም ሰላም ሳይል ወደ ወንዙ ወረደ፤ በመዳፉ ውሃ ዘግኖ አሸተተ። ከዚያ ሙኒር የሚያሳያቸውን ጉድጓድ መጥቶ አየ። ግማሹ ተቆፍሯል፤ ግማሹ ገና ሣር ነው።

"ይሄ ለስንቱ ማጠቢያ ነው?" አለው ሙኒርን።

"ለሁሉም። እስከ መስከረም ያልቃል፣ ኢንሻአላህ።"

"መስከረም መጥቼ አያለሁ" አለ ሳዲቅ። ወደ አልዓዛር ዞረ። "እናንተስ? ከምንጩ ድርሻችሁን ብቻ ነው የምትወስዱት?"

"ድርሻችንን ብቻ። ካልመሰልዎት እየመጡ ይለኩ።"

ሳዲቅ ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን አይሁን ለማንም ግልጽ አልነበረም። ሰዎቹ ወደ መኪናው ሲመለሱ አፊፋ ወደኋላ ቀረች። ወንድሟ የሄደ መስሏት ነበር፤ ቀና ስትል ግን ሞተሩን አስነስቶ፣ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ፣ አሁንም እዚያው አገኘችው።

"መኪናው ሞልቷል" አለ፣ ባያያትም። "ነይ፣ ላድርስሽ።"

አፊፋ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከኋላው ተቀመጠች፤ ትከሻውን ሳይሆን የኮርቻውን ብረት ያዘች። ቁልቁለቱ ላይ መንገዱ ሲንገጫገጭ ሳዲቅ ፍጥነቱን ቀነሰ።